ቤት ለእንቦሳ

ወንድሜ የደወለው ከጅቡቲ ነው። ከድምፁ ይልቅ ንፋሱ ይሰማኛል። «እታለም፣ አንዷን ሸርጣን ይዣታለሁ፤ እጄ ላይ ናት። ላምጣት ወይስ ልልቀቃት?» አለኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ባሕር ዳር ከተማ፣ ሽንብጥ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቢላውን አስቀመጥኩ። ባሕሩ ዳር ብዙ ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ዳርቻው ሞልቷል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚወጡት» አለኝ። ትንሽ ዝም አልኩና «አምጣት» አልኩት።

ስልኩ ተዘጋ፤ ነገሩ ግን አልተዘጋልኝም። ለአንዲት ፍጥረት የት እንደምትኖር ወሰንኩላት፤ ያውም እጄ ሽንኩርት እየሸተተ። የሚገርመው ደግሞ የወሰንኩት ለእሷ ብዬ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ላለችው ለሌላዋ ብዬ ነው።

ቤቴ ውስጥ ያለችው ሙዳይ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት ልጄ ናት። ሙዳይ ሸርጣን ናት፤ ግን ጀርባዋ ላይ የራሷ ያልሆነ የቀንድ አውጣ ዛጎል ተሸክማ የምትዞር፣ ስትደነግጥ ጥቅልል ብላ የምትገባና በግራ መቆንጠጫዋ በሩን ከውስጥ የምትዘጋ ሸርጣን። ወንድሜ ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ ጭኖ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በወልድያ አድርጎ ወረታ ድረስ ይመጣል፤ በአንዱ ምልልስ ለእህቱ ልጅ ስጦታ ብሎ፣ ክዳኑ በተበሳሳ ጣሳ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጦ አመጣት። እናቴ አንዴ አየቻትና አማተበች። ጎረቤቶቼ ግማሾቹ «ሸረሪት» አሏት፤ ግማሾቹ ደግሞ «እሷንስ ይበሏታል?» ብለው ጠየቁኝ።

የጀሪካኑ ባሕር

የባሕር ዳር ሰው ሐይቅ ስላለን ማንኛውም የውሃ ፍጥረት እኛ ጋ ይመቸዋል ብሎ ያስባል። «ጣና እዚሁ አይደል እንዴ፣ ምን አስጨነቀሽ?» ያላለኝ የለም። ሙዳይ ግን የጣና ዘመድ አይደለችም። የእሷ ዓይነቶቹ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ የብስ ላይ የሚኖሩ ናቸው። የሚተነፍሱት በስንጥባቸው ነው፤ ስንጥቡ ግን እርጥብ አየር እንጂ ውሃ ውስጥ መቆየትን አይችልም። ሐይቅ ውስጥ ብትጣል ትሰጥማለች።

ስለዚህ ቤቷን መሥራት ነበረብኝ። መስታወት ቆራጭ ጋ ሄጄ በሲሊኮን የተያያዘ ሣጥን አሠራሁ፤ ክዳኑም መስታወት ነው፤ እርጥበቱ እንዳያመልጥ። ታጥቦ የተነፋ አሸዋ በጥልቀት ሞላሁበት፤ ምክንያቱም እነዚህ ፍጥረቶች ሲያድጉ ቆዳቸውን የሚጥሉት አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ነው፤ ለሳምንታት ላይወጡ ይችላሉ። ሁለት የውሃ ሳህን ያስፈልጋል፤ አንዱ ንጹህ፣ አንዱ ጨዋማ። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉን ከፍቼ አሳድረዋለሁ። ጨዋማው ነው ያስቸገረው። የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ስለበጠበጡት ባሕር አይሆንም፤ ባሕር ውስጥ ካልሲየሙም ማግኒዚየሙም አለ፤ በሊትር ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ስንት ዓይነት ጨው ነው ያለው። በመጨረሻ ወንድሜ መላ አመጣ። ጀሪካን ይዞ ባሕሩ ዳር ወርዶ ቀድቶ መጣ። አሁን ከጤፉ ማዳበሪያ አጠገብ አንድ ጀሪካን ቀይ ባሕር ተቀምጧል።

ቅዝቃዜው ሌላ ጣጣ ነው። ለሰው ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት፤ ለሙዳይ ግን የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ብርድ ነው። 25 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚስማማት። መብራት ሲኖር ሣጥኑ ጎን አምፖል አለ፤ መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ መስታወቱ ላይ አስደግፋለሁ። በዐቢይ ጾም ቤታችን ውስጥ ዓሣ የምትበላው እሷ ብቻ ናት። የቆሮሶ ቁራጭ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ አንዳንዴ ማንጎ። እናቴ «ይቺ ደግሞ ጾም የላት፣ ምን የላት» እያለች ቁራጩን ከእኔ ደብቃ ታተልቅላታለች።

«ብቻዋን?»

ሰው ሁሉ ሣጥኑን አይቶ ሲያበቃ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «ብቻዋን ናት?»

እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ፣ ብቻውን የሚያድር ሰው ያሳዝናል፤ አልያም ያስፈራል። ሸርጣንም ብትሆን። ጥያቄው እየተደጋገመ ሲመጣ እኔም ሙዳይን በሌላ ዓይን አየኋት። መስታወቱን ጥግ ለጥግ ስትዞር ሌሊቱን ሙሉ እሰማታለሁ፤ ዛጎሏ መስታወቱን ሲነካ ቀጭን ድምፅ አለው። ፈልጋ ነው? ለምዳ ነው? አላውቅም። የማውቀው የእሷ ዓይነቶቹ በተፈጥሯቸው በመንጋ የሚኖሩ መሆናቸውን ነው። ብቸኝነት እኔ የፈጠርኩላት ነገር ነው ወደሚለው ሐሳብ አደላሁ።

ግን ደግሞ ሌላ የሚያሳክከኝ ነገር አለ። እነዚህ ሸርጣኖች ቤት ውስጥ አይረቡም ማለት ይቻላል። እናቲቱ እንቁላሏን ባሕር ውስጥ ትለቃለች፤ እጮቹ ሳምንታት በባሕር ተንሳፍፈው፣ መልካቸው ተለዋውጦ፣ ትንሽ ዛጎል አግኝተው ነው የብስ የሚወጡት። ያንን ሁሉ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማሟላት እጅግ ጥቂቶች የተሳካላቸው ነገር ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ በየሰዉ ቤት የሚገኙት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከየባሕሩ ዳርቻ የተለቀሙ ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከሰው እጅ ከገቡ በኋላ ግን ብዙዎቹ ዓመት አይሞላቸውም። ለሙዳይ ጓደኛ አመጣሁላት ማለት ከጓደኞቿ መሃል አንዷን ነጠቅኩ ማለት ነው። የአንዷን ብቸኝነት በሌላዋ ስደት ልፈውስ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። «በቃ ጣና ዳር ልቀቂያትና ተገላገይ» አለችኝ። አልሳቅኩም። ከሩቅ የመጣ ነገር እንዴት እንደሚገላግል ከእምቦጭ በላይ ማን ያስተምረን? በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ላይ ታየ ሲባል ብዙዎቻችን አበባው ያምራል ብለን ነበር። ዛሬ በስተሰሜንና በምሥራቅ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ምን እንዳዩ እናውቃለን። ሙዳይ እምቦጭ አይደለችም፤ በጣና ዳር አንድ ሌሊት ብርዱን የምትችል አይመስለኝም። ግን ያመጡትን ነገር «ልቀቂው» ብሎ መገላገል የሚባል ነገር እንደሌለ ይህ ሐይቅ ነግሮናል።

በዚህ መሃል ነው ወንድሜ የደወለው። ስንት ወር ያሰላሰልኩትን በአንድ ቃል ጨረስኩት።

እንግዳዋ

አዲሷ ስትመጣ ወዲያው ከሙዳይ ጋር አልቀላቀልኳትም። ከመንገድ የመጣች ናት፤ ሙቀት፣ ብርድ፣ የመኪና ንዝረት። ለብቻዋ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ ሁለቱንም ውሃና የምትደበቅበት የሸክላ ስባሪ ሰጥቼ አቆየኋት። እግሮቿ ላይ ትንንሽ ነፍሳት ይኖሩ እንደሆነ በባትሪ አየሁ፤ አልነበሩም። መብላት ስትጀምር፣ ስነካት ፈጥና ስትገባ፣ በቃ ጠንክራለች አልኩ።

ከሙዳይ ትንሽ ታንሳለች። ዛጎሏ አሮጌ ነው፤ ከንፈሩ ተሸርፏል፤ ስትሰበሰብ መቆንጠጫዋ ሙሉ በሙሉ አይገባም። ሙዳይም ብትሆን ቤቷ ጠቧታል። ይህን ስለማውቅ ወንድሜ ያመጣቸውን ባዶ ዛጎሎች ሣጥኑ ውስጥ ደርድሬያለሁ። ሁለቱም ግን አልፈለጓቸውም። አፋቸው ጠባብና ረጅም ነው፤ እነዚህ የሚወዱት ክብ አፍ ነው።

ማታ ላይ፣ ሁለቱም የሚነቁበት ሰዓት ሲደርስ፣ ምግብ በሁለት ቦታ አድርጌ አዲሷን በጨዋማው ውሃ አረጠብኳትና ከሙዳይ ራቅ ያለ ጥግ ላይ አስቀመጥኳት። የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ልጄ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አብራኝ ቆይታ እንቅልፍ ጣላት።

ሙዳይ ናት ቀድማ የመጣችው። ፊት ለፊት ቆሙ። ረጃጅሞቹ አንቴናዎቻቸው ተነካኩ፤ አጫጭሮቹ ያለ ዕረፍት ወደ ላይ ወደ ታች ይርገበገባሉ። ሙዳይ በአዲሷ ላይ ወጥታ ተሻገረችና ወደ ምግቧ ሄደች። እፎይ አልኩ። ሰላምታው ይሄው ነው፣ አለቀ ብዬ።

እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለት ቀን ብር፣ ሦስት ቀን ጨርቅ ይላሉ። ይቺኛዋ ሦስቱን ቀን አልጠበቀችም። ዞራ መጣች። ሙዳይ ምግቧ ላይ እንዳለች ከኋላ ዛጎሏን ያዘች። ሙዳይ ገባች፤ በሩን ዘጋች። አዲሷ የዛጎሉን ከንፈር በእግሮቿ ጨብጣ ትወዘውዘው ጀመር፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ትቆማለች፣ መቆንጠጫዋን በበሩ ክፍተት ትሰዳለች፣ እንደገና ትወዘውዛለች። ከውስጥ ደረቅ ጭርጭርታ ተሰማ። ሙዳይ ድምፅ እንዳላት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እጄ ክዳኑ ላይ ነበር። አነሳሁት፤ አላነሳሁትም፤ ያዝኩት። ዛጎል መመርመርና መግፋት የተለመደ እንደሆነ፣ ሰው እጁን ማስገባት ያለበት አንዷ ሌላዋን እየጎተተች ልታወጣት ስትል ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቅና ማየት ግን አንድ አይደሉም። ራቁቷን የወጣች ሸርጣን ሆዷ ስስ ነው፤ ለደቂቃዎች እንኳ አደጋ ላይ ናት። እዚያ ተቀምጬ የማስበው ይህን ነበር፦ እኔ ለሙዳይ ያመጣሁት ጓደኛ ነው። አዲሷ ግን የመጣችው ወደ ጓደኛ አይደለም። አጠገቧ ያየችው አንድ ክብ አፍ ያለው፣ ያልተሸረፈ፣ ልኳ የሆነ ቤት ነው፤ ውስጡ ሰው አለ እንጂ። ባሕሩ ዳርም ቢሆን የሚሰበሰቡት ለምን ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። ምናልባት እኛ «አብሮ መኖር» ብለን ያዘንንላት ነገር፣ ቢያንስ ግማሹ፣ ጎረቤት ቤት ሲለቅ ቅርብ ሆኖ ለመገኘት ሊሆን ይችላል። የባሕር ዳር ተከራይ ሆኜ ይህን ለመረዳት ብዙ አልተቸገርኩም።

የሙዳይ መቆንጠጫ ከበሩ ፈቀቅ ማለት ሲጀምር ክዳኑን ከፈትኩ። አዲሷን አነሳኋት፤ የመስታወት ቁራጭ መሃል ላይ አሸዋው ውስጥ ተክዬ ሁለት ክፍል አደረግኳቸው።

ከቡፌው የወረደው

ጋሼ አጥራችንን የሚጋሩን ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሠርተዋል። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ከማቆሙ ብዙ ቀደም ብለው ወደዚህ መጥተዋል፤ ስለ አሰብ ግን ካልጠየቋቸው አያወሩም። ስለ ሸርጣኖቹ ጠብ የነገረቻቸው ልጄ ናት። በማግስቱ ከሰዓት መጡ። ሣጥኑን ጎንበስ ብለው አዩና «እነዚህን አውቃቸዋለሁ፤ ማታ ማታ ከካምፓችን ሥር ይተራመሱ ነበር» አሉ። ከዚያ ጀሪካኑ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ክዳኑን ከፈቱ፤ ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱት። ፊታቸውን አኮማትረው «እሱ ነው» አሉ፤ ክዳኑን አጥብቀው መልሰው ዘጉት።

ሣጥኑ ለምን በሁለት ክፍል እንደተከፈለ አስረዳኋቸው። የሚፈለገው ክብ አፍ ያለው ትልቅ ዛጎል እንደሆነ፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ያልነካው መሆን እንዳለበት። ምንም ሳይሉ ሄዱ። ሲመለሱ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ከቡፌያቸው ነው፤ ከብርጭቆዎቹ ኋላ ስንት ዘመን የተቀመጠ፤ ላዩ አረንጓዴና ቡናማ፣ አፉ ክብ፣ ውስጡ የሉል ቀለም ያለው። ባለቤታቸው ተከትለዋቸው መጥተው ነበር። «ሠላሳ ዓመት አቧራውን የጠረግሁት ለሸረሪት ነው?» አሉ እትዬ። ጋሼ «መጀመሪያውንም ባለቤት የነበረው ነው፤ እኛ ምን አደረግንበት?» አሏቸው።

ቀቀልኩት፤ አቀዘቀዝኩት፤ በጨዋማው ውሃ አለቀለቅኩትና ሙዳይ ጋ አስቀመጥኩት። ጋሼ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሙዳይ የመጣችው እራት ተበልቶ ቡናው ሁለተኛ ከተቀዳ በኋላ ነው። ዛጎሉን በአንቴናዋ ዳሰሰችው። አገላበጠችው። መቆንጠጫዋን እስከ ትከሻዋ ድረስ ሰደደች፤ አወጣች፤ ጥቂት የአሸዋ ቅንጣት ከውስጥ ጠርጋ ጣለች። እንደገና ለካች። ሄደች። ተመለሰች። የአዲሱን አፍ ከአሮጌው አፍ ጋር ፊት ለፊት ገጠመች፤ ከዚያ ዓይኔን ሳልጨፍን ያመለጠኝ በሚመስል ፍጥነት ወጣችና ገባች። ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ ሮዝማ ሆዷን አየሁት፤ ጥፍር አያክልም፤ ያን ሁሉ ዛጎል የተሸከመው ለእሱ ነው። ከአዲሱ ቤቷ ሆና አሮጌውን በአንድ እግሯ ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ብመለስስ እንደማለት። ለቀቀችው።

«ቤት ለእንቦሳ!» አሉ ጋሼ። ሙዳይ መልስ ስለሌላት እናቴ ከወጥ ቤት «እንቦሳ እሰሩ!» አለች።

መሃሉን መስታወት ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። አዲሷ ወደ ሙዳይ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ባዶው ሄደች። እሷ ብዙ አልለካችም፤ ከመጣች ጀምሮ ስትለካው የነበረ ነው። ገባች። የተሸረፈው ዛጎል ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንዷ በሌላዋ ላይ ወጥታ ታልፋለች፣ አንድ ሳህን ላይ ይበላሉ፣ አንድ የሸክላ ስባሪ ሥር ይውላሉ። መወዛወዝ አላየሁም።

አይቫን ቼዝ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ይህንን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት ላይ አስፍሮታል። መነሻው የሰው ነገር ነው፤ አንድ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ የለቀቀው ቤት ለሌላው፣ የሌላው ደግሞ ለሦስተኛው ክፍት ይሆናል። ያው ሰንሰለት የእነዚህ ዘመድ በሆኑ፣ ባሕር ውስጥ በሚኖሩ ሸርጣኖች ዘንድ እንዳለ ነው ያሳየው፤ አንድ ትልቅ ዛጎል ዳርቻው ላይ ሲወድቅ ተጠቃሚዋ አንዷ ብቻ አይደለችም። እኔ ቤት ሰንሰለቱ ሁለት ቀለበት ብቻ ነው ያለው። ግን ጠቡን የፈታው የእኔ እጅ እንዳልሆነ፣ ከጓደኝነትም የመጣ እርቅ እንዳልሆነ ዓይኔ አይቷል። አንድ ቤት ተጨመረ፤ ሁለቱም ተስማማቸው።

ይህን ካየሁ በኋላ «አምጣት» ያልኩት ልክ ነበር ለማለት ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ሙዳይ አሁን ጎረቤት አላት፤ ሌሊት መስታወቱን ጥግ ለጥግ መዞሯም ቀንሷል። አዲሷ ግን ያንን ክብ ዛጎል እዚያው ዳርቻ ላይ፣ ከእነ ነጻነቷ፣ ልታገኘው ትችል ነበር፤ ወይም ላታገኘው። ሁለቱንም ሚዛን ላይ አስቀምጬ ዛሬም ድረስ አንደኛው ወደ ታች አላለልኝም። ለወንድሜ የነገርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሦስተኛ የለም። ባዶ ዛጎልም አታምጣልኝ አልኩት። እዚያ የሚቀሩት ቤት ሲያጡ የጠርሙስ ክዳን ተሸክመው ሲሄዱ በፎቶ አይቻለሁ። ውሃ ብቻ።

ጋሼ ጋር ደግሞ ገና ያልጨረስነው ክርክር አለን። ቡፌው ላይ ክፍት ቦታ ስለቀረ፣ የተሸረፈውን ዛጎል በምትኩ ልውሰድ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ትርፍ ቤት መኖር አለበት፣ ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ እላለሁ። «እሺ፣ እንግዲያው መጥቼ አየዋለሁ» ብለው ማታ ማታ ይመጣሉ። በርጩማቸውን ስበው ጠጋ ሲሉ ሙዳይ ትገባለች፤ መቆንጠጫዋን ታመጣና የአሰቡን ዛጎል በር ግጥም አድርጋ ትዘጋዋለች።

«አየሽ ልጄ» ይላሉ ጋሼ፣ «ኪራይ እንኳ አልጠየቅኋት።»